የታምሬ ጾም

ከገዳሪፍ የእህል ጎተራዎች ጀርባ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። በከተማው የሚኖረው ያገራችን ሰው አዋጥቶ የሚያስተዳድረው ነው፤ ሰዉም «የየዋሆቹ ቤት» ብሎ ይጠራዋል። በዕድሜ የጎለመሱ፣ አእምሯቸው ግን እንደ እኩዮቻቸው ያልሄደላቸው ሴቶችና ወንዶች ከተንከባካቢዎች ጋር ይኖሩበታል። ግቢ ይጠርጋሉ፣ ሽንኩርት ይልጣሉ፤ የሚችሉትን ራሳቸው ያደርጋሉ፣ በማይችሉት ይታገዛሉ። ለመንገደኛ ዓይን ሰላም ያለበት ቤት ነው። ለዕፀገነት ዓይን ግን… እሷ ያንን በር ባንኳኳች ቁጥር ልቧ ይመታ ነበር። ዛሬስ ምን ደብቀውኝ ይሆን? የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ ከእግሯ ቀድሞ ይገባል።

ዕፀገነት በሱቁ፣ በከተማው ገበያ መሐል የሴት ልብስ የምትሰፋ፣ ቃሏ አጭር፣ ዓይኗ ግን ምንም የማያልፈው ሴት ነበረች። ሱዳን የገባችው ገና ሕፃን ሳለች፣ በመተማ በኩል፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው። ወንድሟ ታምሬ ደግሞ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት ዶካ አጠገብ፣ በሠራተኞች ዳስ ውስጥ ተወለደ። ምጡ ረዝሞ ነበር፤ ሕፃኑ ሲወጣ አላለቀሰም። ዘግይቶ ቆመ፣ ዘግይቶ አፉን ፈታ፤ ፊደል ግን ጨርሶ አልገባለትም። አልፎ አልፎም የሚጥል በሽታ መሬት ላይ ያንፈራግጠው ነበር። ጎረቤት «ይህ ልጅ ሰው አይሆንም» ብሎ ሲያንሾካሹክ፣ እናታቸው ውባየሁ የምትመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነበራት። «ልጄ ይጾማል። የሚጾም ደግሞ ሰው ነው» ትላለች።

እውነትም ታምሬ ይጾም ነበር። ቀኑን ቆጥሮ አያውቅም፣ እናቱ «ጾም ገባ» ካለችው ግን ጠዋት የሚሰጠውን ሁሉ በእጁ መዳፍ ገፍቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «እኔ ጾመኛ ነኝ!» ይላል። ያንን ሲል ከሰው እኩል ይቆማል። ሚስት አያገባ፣ ገበያ ሄዶ መልስ አይቀበል፣ ስሙን አይጽፍ… ጾም ላይ ግን ከማንም አያንስም! የሚያሾፉበት እንኳን ያን ጊዜ «አይ ታምሬ፣ አንተስ ከኛ ትበልጣለህ» ይሉት ነበር። ውባየሁ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች የዕፀገነትን እጅ ይዛ የተናገረችውም ይህንኑ ነው። «እሱን አደራ። ጾሙን እንዳታስፈቺው። ከሰው የሚያስቆጥረው እሱ ብቻ ነው።» ዕፀገነትም ማለች።

ከእናቷ ሞት በኋላ ግን ኑሮው አልሆነላትም። ስፌቷ ሱቅ ነው፣ ወንድሟ ቤት ነው። ሌላ ዘዴ ስላጣች በር ቆልፋበት ትሄድ ጀመር። ታምሬ የጭነት መኪና ሲያይ ነፍሱ አይቀርለትም፤ በጥሩንባው ድምፅ ብቻ የየትኛው ሾፌር እንደሆነ ይለያል። አንድ ቀን መስኮቱን ገንጥሎ ወጣና ለአጨዳ ከሚሄዱ ሠራተኞች ጋር ሎሪ ላይ ተሳፈረ። ዶካ ላይ፣ ሙቀት ያዞረው፣ ጫማ የሌለው፣ ግን ደስ ያለው ሆኖ ተገኘ። ዕፀገነት ያን ቀን ስታለቅስ ዋለች። ከዚያ ወዲያ ነው ሰዎች መክረው፣ አግባብተው፣ ወደ የዋሆቹ ቤት ያስገቡላት።

የቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ብፅአት ቀደም ሲል በስደተኞች ጣቢያ ክሊኒክ ውስጥ የሠሩ፣ ነገር ማለስለስ የሚያውቁ ሴት ነበሩ። ታምሬን እንዲከታተል የተመደበው ደግሞ እስማኤል ይባላል፤ ወላጆቹ ከጎንደር የመጡ፣ እሱ ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛውን በዓረብኛ እየጨለፈ የሚያወራ ሙስሊም ነው። ዕፀገነት የመጀመሪያ ቀን ሁለቱን አስቁማ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀቻቸው።

«ልብሱ ቢቀደድ እሰፋለሁ። ቢሰድባችሁ ቻሉት። ጾሙን ግን እንዳትሽሩበት። የእናቴ አደራ ነው።»

«ሐድር፣ እሺ እትዬ» አለ እስማኤል፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ።

«የሚጥል በሽታውን ክኒን ደግሞ በጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሲፈታ ስጡት።»

እስማኤል ወደ ወይዘሮ ብፅአት አየ። ወይዘሮ ብፅአት ወደ መሬት አዩ። «እሺ፣ እናየዋለን» አሉ። ዕፀገነት ያችን መተያየት አልረሳችም። እንዴት ትርሳ? የሰውን ልብ የሚገልጠው አፉ ነው ወይስ ዓይኑ?

በየዓርቡ ልትጠይቀው ትሄዳለች። በሄደች ቁጥርም አንድ ነገር ታገኛለች። አንድ ጊዜ ክርኑ በልዞ አገኘችው። ሌላ ጊዜ የሰፋችለትን ሸሚዝ ሌላ ሰው ለብሶት አየች። የሚተኛበትን ክፍል ስታይ አልጋ የለም፣ ፍራሹ መሬት ላይ ተዘርግቷል። በሩም ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም። ታምሬ ራሱ ያንቀላፋል፤ እያወራችው ዓይኑ ይከደናል። ከካርቱምና ከመዳኒ ጦርነት የሸሸው ሰው ከተማዋን ካጥለቀለቀ ወዲህ ቤቱም ተጨናንቆ፣ በነበረው ላይ ሰው ተጨምሮበታል። አበባ የምትባል አንዲት ሠራተኛ ደግሞ ስልኳን እያየች በየዋሆቹ ላይ ስትጮህ ሰምታታለች። ይህን ሁሉ በልቧ አስቀመጠች። ሲሞላ ግን ጠየቀች።

«ይህ ብልዝ ምንድነው?» አለች የታምሬን ክንድ ገልጣ።

«ወድቆ ነው፣ እህቴ። ያ በሽታው አልፎ አልፎ ይጥለው የለ?» አሉ ወይዘሮ ብፅአት።

«እኔ ጋ ሳለ እንዲህ አልበለዘም።»

«አንቺ ጋ ሳለ በር ተቆልፎበት ነበር። ማን አይቶት?»

ዕፀገነት የወንድሟን እጅጌ መልሳ ሸፈነች። መልሱ ግን ጥርጣሬዋን አላጠፋውም፤ አከረረው እንጂ። ፍራሹ መሬት ላይ ለምን ሆነ ስትል «ሲጥለው ከፍታ እንዳይጎዳው» አሏት። በሩስ? «ተቆልፎበት ቢወድቅ ማን ይደርስለታል?» ለሁሉም መልስ አላቸው! ለሁሉም ነገር መልስ ያለው ሰው ያስፈራል። እውነት የያዘ ሰውማ አንዳንዴ ይሳሳታል፣ አንዳንዴ አላውቅም ይላል… እንዲህ እያለች ነበር ወደ ቤቷ የምትመለስ።

የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን ተገጣጠሙ። ገዳሪፍ እንዳለ ጾመኛ ሆነች፤ አንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አንዱ ፀሐይ እስክትጠልቅ። ዕፀገነት በአንድ ዓርብ ጠዋት ከታምሬ አጠገብ፣ በግቢው ጥላ ሥር ተቀምጣ ፂሙን ስታበጥርለት አንድ ነገር ሸተታት። የወተት ሽታ። የእርጎ፣ የዛባዲ ሽታ።

«ታምሬ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ቀመስህ?»

ታምሬ ግራ ቀኙን አየ። በኋላ አፉን በእጁ ጋረደ። «ምስጢር ነው።»

«ከእኔ ከእታለም?»

«ካንቺ ነዋ ምስጢሩ!» ብሎ ከልቡ ሳቀ። «እስማኤል ለእታለም አትንገራት ብሏል። ትናደዳለች ብሏል። አንቺ ስትናደጅ ከንፈርሽ እንዲህ ይሆናል» ብሎ ከንፈሩን አሞጠሞጠ።

ዕፀገነት ግን አልሳቀችም። ማበጠሪያውን አስቀመጠች። አንድ ጎልማሳ ለአንድ የዋህ ሰው «ለእህትህ አትንገራት» የሚለው ምን ሲያደርገው ነው? አምላኬ ሆይ፣ ምን ሲያደርገው ነው?

ያን ቀን በሱቁ አጠገቧ በርበሬ ለምትሸጠው ለአሰፋች ነገረቻት። አሰፋች ነገር የማትጨምርበት ነገር የለም።

«እቴ! ከየዋህ ጋር ምስጢር?» አለች አሰፋች ጉንጯን ይዛ። «ሃይማኖቱን ሊያስለውጠው ይሆናላ! ወይ ደግሞ ሌላ ነው… አፌን አታስከፍቺኝ። ያ ማንቀላፋቱስ? የእንቅልፍ ክኒን እየሰጡ አስተኝተው እነሱ ያርፋሉ። እኔ አንቺን ብሆን ባላሰቡት ቀን ሹልክ ብዬ ገብቼ አየው ነበር።»

ረቡዕ ጠዋት ዕፀገነት የስፌት መኪናዋን ሸፍና ተነሣች። ሰማያዊው በር ገርበብ ብሎ ነበር። በጓሮ በኩል ዞረች። በመስኮቱ ስታይ ታምሬ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እስማኤል ፊቱ ተንበርክኮ አገጩን በአንድ እጁ ደግፎ ይዞ በማንኪያ ነጭ ነገር ያጎርሰዋል። «ያላ፣ ጀግናው፣ አንዲት ብቻ ቀረች» ይለዋል። ከዚያ በገዛ ራሱ እጅጌ አፉን ጠረገለት። ያየችው ይህን ነበር። በዚያች ደቂቃ የታያት ግን ሌላ ነበር።

«አንተ ከሃዲ!» ብላ በጓሮው በር ዘው አለች።

እስማኤል ደንግጦ ሲነሣ የዛባዲው ሳህን ተደፋ። ታምሬ «እታለም! እታለም!» ብሎ ሊያቅፋት ተነሣ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ እስማኤል ጀርባ ተደበቀ። ከእሷ ሸሽቶ! ይህ ከእርጎው ይልቅ አንጀቷን ቆረጠው።

«እትዬ፣ ወላሂ መድኃኒቱ ነው» አለ እስማኤል። «ክኒኑን በባዶ ሆዱ ሲወስድ ያስታውከዋል። ድፍኑን አይውጥም፣ ስለዚህ ፈጭቼ በዛባዲ…»

«በጾም! በወተት! ምን ብዬ ነበር የነገርሁህ?»

«የታመመ ሰው እኮ ጾም የለበትም፣ እትዬ። እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ጾም ምን እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም። በኛም የታመመ…»

«የናንተን ሕግ ለናንተ! ወንድሜን ልታሰልመው ነው?»

ወይዘሮ ብፅአት እየሮጡ መጡ። የሆነውን ሰሙና ፊታቸው ጠቆረ። «ዕፀገነት፣ ተቀመጪ። ሐኪሙ ነው ጠዋት እንዳይታለፍ ያለው። ክኒኑ ከሰዓቱ ሲያልፍ በሽታው ይነሣበታል። ያ ክርኑ የበለዘውም አንድ ጠዋት ስላለፈው ነበር።»

ዕፀገነት ቀስ ብላ፣ እጅግ ቀስ ብላ፣ ጠየቀች።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ወይዘሮ ብፅአት ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ከቤተሰብ ጋር ክርክር እንዳይነሣ ብለን… አንቺም አምርረሽ ነበር የተናገርሽው…»

አያችሁ፣ የዕፀገነት ቤት ልትድን ትችል የነበረችው በዚያች ጥያቄ ላይ ነበር። መልሱ አስቀድሞ፣ በመጀመሪያው ቀን ተነግሮ ቢሆን! ነገር ግን ለሰላም ተብሎ የተሸሸገ እውነት ሲገለጥ ከውሸት በምን ይለያል? «በአንዱ የዋሸኝ በስንቱ ዋሽቶኛል?» አለች ዕፀገነት። የወንድሟን ልብስ በአንሶላ ቋጠረች። ረዳ የሚባለው፣ ከሐምዳይት የስደተኞች ጣቢያ የመጣው የታምሬ ባልንጀራ፣ ነገሩ ሳይገባው የታምሬን ጫማ አንዱን እግር ደብቆ አልሰጥም አለ። ታምሬ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ባዶ እግሩን ወጣ። እስማኤል የክኒኑን እሽግ ይዞ መንገድ ድረስ ተከተላቸው።

«እትዬ፣ የጠላሽው እኔን ነው፣ እሺ፣ መዓሊሽ፣ ግድ የለም። ይህን ግን ጠዋት ጠዋት ስጪው። በማርያም ይዤሻለሁ።»

«ማርያምን ከአፍህ አውጣ» ብላ እሽጉን ነጠቀችውና ራክሻ የሚሉት ባጃጅ ላይ ወጣች።

ቤት ከገባች በኋላ ያ ሁሉ ጥርጣሬ ማረፊያ ያገኘ መሰላት። ክኒኑን አልጣለችውም፤ ጾም ሲፈታ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትሰጠዋለች፣ ማታም ትደግመዋለች። ታምሬም ጠዋት ጠዋት አያንቀላፋም። ከእሷ ጋር ሱቅ ይውላል፣ የተቆረጠ ክር ይለቅማል፣ ሎሪ በጮኸ ቁጥር «ስንሻው ነው! ከፋሽጋ መጣ!» ይላል። ገበያተኛ ያስቃል። ዕፀገነት ይህን ስታይ ደስታና ብሽቀት አንድ ላይ ያንቃት ነበር። «አየሽ አይደል? አደንዝዘው ነበር ያስቀመጡልኝ!» አለች ለአሰፋች። አሰፋችም «አላልሁሽም?» አለች። ደህና መስሎ የታየው ነገር ሁሉ የእሷን ጥርጣሬ እውነት አደረገላት። አንድ ነገር ብቻ ያስከፋት ነበር፤ ታምሬ በየቀኑ «እስማኤል መቼ ይመጣል? ረዳ ብቻውን ነው» ይላል። ይህንንም በክፉ ተረጎመችው። ምን ቢያደርግበት ነው እንዲህ የናፈቀው?

በኢድ ማግስት እስማኤል መጣ። የበዓሉን ኩኪስ በሳህን ይዞ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ በሯ ላይ ቆመ።

«ለታምሬ ነው… ለፋሲካ ታስቀምጪለታለሽ። ክኒኑን ጠዋት እየሰጠሽው ነው?»

«ተኝቷል» አለች ዕፀገነት፤ በሩን በትከሻዋ ዘግታ።

ከውስጥ የታምሬ ድምፅ ተሰማ። «እስማኤል! አልተኛሁም! እኔ አልተኛሁም እኮ!»

እስማኤል ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከንፈሩ ግን እምቢ አለው። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልየውና ልሂድ።»

«ልቀቀን።»

ሳህኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ታምሬ ያን ቀን ከበሩ አልተነሣም። ዕፀገነት ሳህኑን ለጎረቤት ልጆች ሰጠችው፤ ምን እንዳለበት ማን ያውቃል?

ሰሙነ ሕማማት ገባ። የገዳሪፍ ሙቀት በሚያዝያ እሳት ነው፤ አየሩ ራሱ ሲተነፍሱት ጉሮሮ ያቃጥላል። ታምሬ ከእህቱ ጋር በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ ይሰግዳል። ማክሰኞ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ማታ ክኒኑን ከወሰደ በኋላ እራቱ ላይ ተኛ። አሰፋች ይህን ስትሰማ «በሕማማት ከእንቅልፍ መድኃኒት ጋር ምን አለው? ጸሎቱ ይበቃዋል» አለች። ዕፀገነት አመነታች። ክኒኑን እጇ ላይ አድርጋ አየችው። ያንን ያዘዘው ማን ነው? ያመጣው ማን ነው? የዋሹኝ ሰዎች አይደሉም? «እስከ ፋሲካ ብቻ» አለች ለራሷ። እሽጉን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ረቡዕ ደህና ዋለ። ሐሙስም ከወትሮው የበለጠ ንቁ ሆኖ ዋለ፤ ማታ ላይ ብቻ እጁ አንድ ሁለቴ ብርግግ አለ። «ሙቀቱ ነው» አለች።

ስቅለት ደረሰ። ግቢው በሰው ተጨናነቀ። በቆላው እርሻ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች፣ ከጣቢያው የመጡ ስደተኞች፣ የከተማው ነጋዴ፣ ሁሉም ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ተሰልፏል። ካህኑ «ኪርያላይሶን» ሲሉ ሕዝቡ እንዳለ ይወድቃል፣ እንዳለ ይነሣል። ውኃ የቀመሰ የለም። ዕፀገነት ከሴቶቹ በኩል ሆና ወንድሟን ታየው ነበር። ታምሬ ከወንዶቹ መካከል፣ ነጭ ለብሶ፣ ከማንም ቀድሞ ይወድቃል፣ ከማንም ቀድሞ ይነሣል። አጠገቡ ያሉት ሰዎች በአክብሮት ቦታ ለቀውለታል። ከእሷ ጎን የቆሙት አንዲት አሮጊት «ይህ የማን ልጅ ነው? እንዴት ያለ ጾመኛ ነው!» አሉ። «ወንድሜ ነው» አለች ዕፀገነት። እንባዋ መጣ። እናቴ ሆይ፣ ዛሬ አየሽው? ከሰው ተቆጠረ…

ካህኑ ደገሙ። ሕዝቡ ወደቀ። ሕዝቡ ተነሣ።

ታምሬ አልተነሣም።

ግንባሩን መሬት ላይ እንዳስደገፈ ቀረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ያለቅሳል» አለ አንዱ። «ተዉት፣ አታውኩት፣ መንፈስ ቅዱስ ነክቶት ነው» አለ ሌላው። ሕዝቡ እንደገና ወደቀ፣ እንደገና ተነሣ። ዕፀገነት አየችው፤ ልቧ በኩራት ሞላ። ማን ነው በዚያ ሰዓት ስግደትን ከሕመም የሚለይ? ሁሉም ግንባሩ መሬት ላይ ነው፤ ሁሉም ይንቀጠቀጣል፤ ሁሉም ያለቅሳል! ጸሎቱ ቀጠለ። ከሕዝቡ ጋር እሷም ወደቀች፣ ተነሣች። ብዙ ቆይቶ፣ አንድ ሰው ትከሻውን ነካ ሲያደርገው ታምሬ ወደ ጎኑ ተዘረጋ። ከንፈሩ ጠቁሯል፤ አፉ አፈርና አረፋ ሆኗል።

የእሷን ጩኸት የሰማ ሁሉ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

በሎሪ ወደ ሙስተሽፋው፣ ወደ ሆስፒታሉ ወሰዱት። ኮሪደሩ በተፈናቃይ ተሞልቶ መሬት ላይ ሰው ተኝቶበት ነበር። ሐኪሙ ወጣት ነበረ፤ ያለውን ሁሉ አደረገ። በመሐል አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ ጠየቃት፦ «መድኃኒቱን መጨረሻ የወሰደው መቼ ነው?» ዕፀገነት በጣቷ ወደ ኋላ የሆነ ቀን አመለከተች፤ ቀን በጣት ይጠቆም ይመስል። ሐኪሙ አልወቀሳትም። ቢወቅሳት ይሻላት ነበር። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ሕዝቡ ከስግደት ወጥቶ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ታምሬ እጇ ላይ አረፈ።

በሰሙነ ሕማማት የሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግለትም። በዚያ ሳምንት ለሚሞቱ ሁሉ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ነው የሚጸለይላቸው። ስለዚህ ለታምሬ የተደረገውን ፍትሐት ታምሬ ራሱ ቆሞ፣ የዘንባባውን ቀለበት በጣቱ እያዞረ፣ ሰምቶት ነበር። ለማን እንደሚጸለይ አላወቀም። እሷስ ብትሆን አውቃ ነበር?

ቅዳሜ ጠዋት ቀበሩት። ከቀብር መልስ ደጇ ላይ በተዘረጋው ዳስ ሰዉ እየገባ ያጽናናት ነበር። የማጽናኛው ቃል ግን በየአፉ አንድ ሆነ። «መታደል ነው! በስቅለት፣ በስግደት ላይ!» «እንደ ጻድቅ ነው የሄደ።» «እኛም እንዲህ ባደረገን።» አሰፋች ጮክ ብላ አለቀሰች፦ «ጾሙን ሳይሽር፣ ጾመኛው ታምሬ!» ዕፀገነት ይህን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ሰማች። እያንዳንዷ የማጽናኛ ቃል እንደ ድንጋይ ደረቷ ላይ ተከመረች። የንስሐ አባቷ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጠው ነበርና የሆነውን በሹክሹክታ ነገረቻቸው። ቄሱ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ለታመመ ሰው መድኃኒቱን አታስቀድሚ ያለሽ ማን ነው? ቤተ ክርስቲያን እንዲህ አላለችም። ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ለምን አልጠየቀችም? ሁሉን መርምራለች፣ ሁሉን ጠርጥራለች። ይህችን አንዲት ነገር ግን፣ የእናቷን አደራ፣ ልትጠረጥራት አልደፈረችም።

ከቀትር በኋላ በዳሱ መግቢያ ላይ ሦስት ሰዎች ቆሙ። ወይዘሮ ብፅአት፣ ረዳ፣ ከኋላቸውም እስማኤል። «ደግሞ ምን ሊያይ መጣ?» አለች አሰፋች፤ ሰው እንዲሰማት አድርጋ። አንድ ጎልማሳ ሊያስወጣው ብድግ አለ። እስማኤል አንገቱን ደፋ፤ ፊቱ በልቅሶ አብጦ ነበር። ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ዕፀገነት ተነሣች።

«ተዉት» አለች። «ወንድሜን በሕይወት ያቆየው ይህ ሰው ነው።»

«ተይ እንጂ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ» አለች አሰፋች ቀሚሷን ይዛ።

«ልቀቂኝ። ጻድቅ ሆኖ አይደለም የሞተው። ጾም አይደለም የገደለው። መድኃኒቱን የነሣሁት እኔ ነኝ። ግንባሩን መሬት ላይ ደፍቶ ሲጣጣር ቆሜ እያየሁ ኮርቼበታለሁ… ወንድሜ ነው ብዬ ለሰው እያሳየሁ!»

እስማኤል መጥቶ መሬት ላይ፣ ከእግሯ አጠገብ ተቀመጠ።

«ብቻሽን አይደለሽም፣ እትዬ» አለ። «እኔም እሺ ብዬ ዋሽቼሻለሁ። በዚያ በመጀመሪያው ቀን እንቢ ማለት ነበረብኝ። አይሆንም፣ አይቻልም ማለት ነበረብኝ። ፈራሁሽ።»

«ብትነግረኝ እሰማህ ነበር?»

ወይዘሮ ብፅአት ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ረዳ ግን ይህ ሁሉ አልገባውም። በሰዉ መካከል እየተሽሎከሎከ ወደ ቤት ገባ፤ መጋረጃውን ገለጠ፣ ከበሩ ኋላ አየ፣ ወጣ። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ታምሬስ? ታምሬ የት አለ?» አላት እጇን ስቦ። ዕፀገነት ለሰው ሁሉ ያገኘችውን ቃል ለእሱ አጣችው። አጠገቧ አስቀመጠችውና ራሱን በጭኗ ላይ አስደገፈች። ያን ጊዜ ነበር ከልቧ፣ ድምፅ አውጥታ ያለቀሰችው።

ሰው መከራ ሲያገኘው «ዕጣዬ ነው» ይላል፤ ማለቱም ያሳርፋል። ከሰማይ የወረደ ነገር ማንንም አይጠይቅምና። ነገር ግን ስንቱ ዕጣ ነው ከሰማይ ያልወረደ፣ እኛው በፍቅር ስም ተደባብቀን፣ በአደራ ስም ተፈራርተን፣ በገዛ ደጃችን ያሳደግነው? ዕፀገነት ዛሬም ትጾማለች፣ ትሰግዳለች። ስትሰግድ ግን እንደ ሌላው ሰው ዓይኗን አትጨፍንም። ግንባሯ መሬት ሳይነካ ቀና ትልና ግራ ቀኟን ታያለች፤ ሰው ሁሉ መነሣቱን፣ ማንም ወድቆ አለመቅረቱን እስክታረጋግጥ ድረስ።